የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሲሆን፦ የዘር ሐረግ ፍለጋ በደሴና በኮምቦልቻ

ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የወሎ ልጅ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላሉ ዘመዶቹ ደውሎ «የቤተሰባችን ስም መነሻው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሳያውቀው የጠየቀው ስለ አያቱ ነው። በፓስፖርቱ መጨረሻ ላይ የሰፈረው «እንድሪስ» ወይም «ይማም» እርሱ በሚኖርበት አገር የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዝግቦለታል። አብረውት የተማሩ ልጆች የስማቸውን አመጣጥ ብዙ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ሲናገሩ ሰምቶ እርሱም የራሱን ቢፈልግ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም እንድሪስ የአንድ ሰው እንጂ የአንድ ቤት መጠሪያ አይደለም። የእንድሪስ አባት በሌላ ስም ይጠራ ነበር፤ የእንድሪስ ወንድሞች ልጆችም ይህን ስም ከነጭራሹ አይዙትም። ከማን እንደ መጡ የማወቅ ፍላጎት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በወሎ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ስምን ብቻ ተከትሎ የሚሄደው አይደለም።

የእኛ ሙሉ ስም ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ይቀየራል። አንድ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል፤ ልጅ ሲወልድ የልጁ ስም ከፊት ይገባና የአያቱ ስም ከኋላ ይወጣል። በአንድና በሚቀጥለው ትውልድ መካከል ከ25 እስከ 30 ዓመት አለ ብንል፣ ሦስቱ ስሞች የሚሸፍኑት ከ50 እስከ 60 ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ወረቀት አይዘውም። በሌላ በኩል ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም፤ ይህ ብዙ አገሮች ዘግይተው የደረሱበት መልካም ልማድ ነው። ልጆቿ የሚጠሩት በአባታቸው ስለሆነ ግን ከእነርሱ ስም ውስጥ እርሷም፣ አባቷም፣ እናቷም የሉም። ወላጆቻችንን አንደኛ እርከን አድርገን ወደ ላይ ብንቆጥር፣ በሰባተኛው እርከን እያንዳንዳችን 128 ቀጥተኛ ወላጆች ይኖሩናል፤ ስምን በስም እያያዘ የሚወጣ ዘር ቆጣሪ የሚደርሰው ከእነዚህ አንዱ ዘንድ ብቻ ነው።

በሌሎች አገሮችም ቢሆን የቤተሰብ ስም ብዙ ጊዜ የተስፋፋው ዜጎቹን ለግብርና ለውትድርና ለይቶ መመዝገብ በፈለገ መንግሥት ግፊት ነው። ቱርክ ዜጎቿ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያስገደደችው በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሲሆን፣ የአይስላንድ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው እንደ እኛ በወላጅ ስም ይጠራሉ። በእኛም አገር ሙከራው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም በተጨማሪ የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ። ያው ሕግ ያሰበው የክብር መዝገብ፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንኳ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እንዲውል ተብሎ ስለ ተተወ ለአሥርተ ዓመታት ሳይከፈት ቆየ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍችና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ቤት ገጽ እየገለጠ ቅድመ አያቱን አገኛለሁ ብሎ ደሴ የሚመጣ ሰው፣ የሚያስበው ዓይነት መዝገብ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ያለ መዝገብም ቢሆን ዘር ይቆጠር ነበር፤ የሚቆጠረውም ስለሚያስፈልግ ነው። ርስት በነበረባቸው የወሎ አካባቢዎች መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ሲሆን፣ ቆጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወጣ ነበር። ባለርስት ነኝ ባይ በዳኛ ፊት ቆሞ ራሱን ከአባቱ፣ አባቱን ከእናቱ፣ እርሷንም ከአባቷ እያገናኘ እስከ አቅኚው መድረስ ነበረበት፤ አንድ እርከን ቢስት ባላጋራው እዚያው ላይ ይይዘዋል። ጋብቻም ቆጠራ ይጠይቃል። ክርስቲያኑ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይጋባ ስለሚጠነቀቅ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱ ወገን አሮጊቶች ቅድመ አያትና ምንጅላት እያነሱ መመርመራቸው ግድ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ደም ነው፤ በወሎ ገጠር ደም የሚያደርቁት አባጋሮች ካሣው በየትኛው ወገን ላይ እንደሚያርፍና ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ ለመወሰን የየቤቱን ትውልድ ማወቅ ነበረባቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ሲታወጅ፣ ከእነዚህ ምክንያቶች ዋነኛው በአንድ ቀን ቀረ። መሬት በቀበሌ ገበሬ ማኅበር አባልነት የሚገኝ ከሆነ፣ አምስተኛ አያትን በእናት በኩል ቆጥሮ ማወቅ ለልጅ የሚሰጠው ጥቅም የለም። የአዋጁን ፍትሐዊነት ለመካድ አይደለም፤ ለጭሰኛው የሰጠው ነፃነት ከማንኛውም የዘር ቆጠራ ይበልጣል። ነገር ግን «የዛሬ ልጅ ዘሩን አያውቅም» የሚለው የተለመደ ወቀሳ ምክንያቱን ይስታል። ልጁ የማያውቀው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ዕውቀቱን ይሸከም የነበረው ሥርዓት ስለ ፈረሰ ነው። ይልቁንም ከሴት አያቶች ወገን ያለው ቆጠራ ከሁሉ ቀድሞ የተረሳው፣ ያን ወገን በስም ውስጥ የሚያስታውስ ምንም ነገር ስላልነበረ ነው።

ወሎን ከሌላው አካባቢ የሚለየው ደግሞ ስሙ ራሱ በየትውልዱ ሃይማኖት መሻገሩ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ሰብሳቢነት የተካሄደው ጉባኤ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የክርስትና ግዴታ አስከተለ፤ የወረሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄው ራሳቸው ነበሩ። ኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አደረጉ፤ የአይጠየፍ አዳራሽም የእርሳቸው ሥራ ነው። ሴት ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት ዛሬም በደሴ ይገኛል፤ ወይዘሮ ስሂን ከአምባሰሉ ገዥ ከጃንጥራር አስፋው የወለዷቸው ልጅ ደግሞ እቴጌ መነን ናቸው።

ይህን የታወቀ ቤተሰብ በስም ብቻ ለመከተል መሞከር ጥሩ ፈተና ነው። «መነን አስፋው» ከሚለው ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ወደ አምባሰል ጃንጥራሮች ይደርስና እዚያው ይቆያል፤ ከእቴጌይቱ ስም ውስጥ ደሴም፣ ወረሂመኖም፣ ንጉሥ ሚካኤልም የሉም። እናታቸውን ብሎ «ስሂን ሚካኤል» ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ የአያቱን ስም ሲጨምር «ሚካኤል ዓሊ» የሚል፣ በዚያ ዘመን ማንም የማይጠራው ስም ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም ንጉሡ አዲሱን ስም የያዙት በጥምቀት፣ አባታቸው ግን የወረሂመኖው ኢማም ዓሊ ስለ ሆኑ ነው። ኢማም ዓሊም ቢሆኑ በፈረስ ስማቸው «አባ ቡላ» ተብለው ስለሚጠሩ፣ በአንድ ጽሑፍ ዓሊ፣ በሌላው አባ ቡላ ሆነው ይገኛሉ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጆች በእናታቸው በኩል የወረሂመኖ ኢማሞች ዘር መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ የስማቸው ሰንሰለት ግን አንዲት ፍንጭ አይሰጥም። የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ፣ በቦሩ ሜዳ ማግስት ስሙን የለወጠ፣ ወይም ላለመለወጥ አገር ጥሎ የተሰደደ ተራ ገበሬ የልጅ ልጆች ምን ያህል እንደሚቸገሩ መገመት አይከብድም።

ከዚህ የተነሳ በደሴና በኮምቦልቻ በአንድ ቤት ውስጥ ገብሬ የሚባል አባትና ሰይድ የሚባል ልጅ፣ ወይም ክርስቲያን ሆኖ አያቱ መሐመድ የሆነ ሰው ማግኘት የተለመደ ነው። ይመርና ይማም የሚሉ ስሞችን ሁለቱም ወገኖች ያወጧቸዋል። ስም አይቶ ሃይማኖትን፣ ሃይማኖትን አይቶ ብሔርን የሚገምት ሰው በወሎ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ባለፉት ዓመታት በመንገድ ላይ ፍተሻ መታወቂያ እያነበቡ የሰውን ማንነት የወሰኑ ሰዎችም የሠሩት ስሕተት ይኸው ነው፤ የእነርሱ ስሕተት ግን የሰው ኑሮ ያበላሸ ነው።

ወሎ ውስጥ ከቤተሰብ ስም ጋር የሚቀራረብ ነገር የሚገኘው በሰው ሳይሆን በቦታ ላይ ነው። ወረሂመኖ፣ ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ እንዲሁም ኮምቦልቻን የሚያዋስነው ቃሉ ቀድሞ ወረቃሉ ሲባል፣ «ወረ» በኦሮምኛ ቤት ወይም ቤተሰብ ማለት በመሆኑ፣ የወረዳዎቹ ስሞች በአንድ ወቅት የሰፈሩትን ወገኖች ስም የያዙ ናቸው። በጎንደር ዘመነ መሳፍንትን የገዙት የየጁ ወረ ሼሆችም በዚሁ ዓይነት ስም ይታወቃሉ። አገሬው ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም ስሙ ሳይለወጥ ቆይቷል። በእኔ እምነት ዘሩን የሚፈልግ የወሎ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «አያቴ ማን ይባላል?» ከሚሆን ይልቅ «አያቴ ከየት ወረዳ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ጎጥ መጣ?» ቢሆን ይሻላል፤ ስም ይለወጣል፣ ጎጡ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይገኛል፤ በዚያም የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።

ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ ከደሴ ትከብዳለች። በመንገድ፣ በፋብሪካና ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርክ የሰፋች ከተማ ስለሆነች ነዋሪዋ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ የቤተሰቡ ታሪክ የሚጀምረው ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን በመጣበት ገጠር ነው። በሁለቱም ከተሞች ግን ጠያቂው ቅሬውን፣ በሌላው አገር እድር የሚባለውን፣ ባያልፍ መልካም ነው። የቅሬ ደብተር የተጻፈው ለቀብርና ለመዋጮ ቢሆንም፣ ማን በማን ሞት «ዘመዴ ነው» ብሎ እንደ ተቀመጠ የሚያውቁት የቅሬው ዳኛና አንጋፋ አባላት ናቸው።

የጽሑፍ ምንጭ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያጸኑት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል በኅዳጉ ላይ የርስትና የስጦታ ማስታወሻዎችን የያዘ በመሆኑ ለታሪክ ጸሐፊዎች ውድ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገኘው የመኳንንትና የገዳም ሰው ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን የምትጠምቀው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ በሰፈሩ ካሣው ተብሎ የኖረ ሰው በጸሎት መዝገብ ወልደ ሚካኤል ሆኖ ይገኛል። በሙስሊሙ በኩል በየመድረሳውና በየሼኹ ቤት የሚገኘው የሰንሰለት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ትምህርት ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚናገር እንጂ ማን ማንን እንደ ወለደ የሚናገር አይደለም፤ ሁለቱን አምታቶ የመምህሩን መምህር አያቴ ብሎ የጻፈ ሰው ሰንሰለቱ ረጅምና ያማረ ይሆንለታል፣ እውነት ግን አይሆንም። የድሮ መቃብሮች፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ በአብዛኛው ጽሑፍ የላቸውም።

በዚህ መሃል ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ዘርን ሁሉ ወደ ሰሎሞን፣ ሌላው ደግሞ ወደ ዓረብ ቁረይሾች መውሰድ ነው። ሁለቱም የጥንት ክብር መጠየቂያ መንገዶች ስለሆኑ በራሳቸው ታሪክ ያላቸው ናቸው፤ ግን እስከ ሦስተኛው አያት በስምና በቦታ የማያውቅ ሰው ከዚያ በላይ ያለውን በአንድ ዝላይ እየሩሳሌም ወይም መካ ካደረሰው የጻፈው ምኞቱን ነው።

ሰንሰለቱን ሌሎች ኃይሎችም በጥሰውታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ ወሎን የመቱት በጣም ክፉኛ ነው። ከ1977 ጀምሮ በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋ፣ መተከልና ጋምቤላ ከተወሰዱት ወደ 600 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች ትልቁ ድርሻ ከወሎ ነበር። የእነዚህ ልጆች ዛሬ ደሴን የሚያውቋት በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ ነው። ወደ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የሄዱ የደቡብ ወሎ ሴቶች ደግሞ ፓስፖርት ሲያወጡ ስማቸውን ለመለወጥ፣ አንዳንዶቹም ክርስቲያን ሆነው የሙስሊም ስም ለመያዝ ተገደዋል፤ በጅዳ የተወለደ ልጅ በእናቱ ፓስፖርት ላይ ያለውን ስም ተከትሎ ቢፈልግ የሚደርስበት ቤት የለም። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙባቸው ሳምንታት የደረሰው ዘረፋም የደሴን ሙዚየምና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አልማረም።

ብዙ ሰው አሁን ተስፋ ያደረገው በዘረ መል ምርመራ ላይ ነው። ምርመራው የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ያስፈልጋል። የአጎት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ የሚሆን ዘረ መል ስለሚጋሩ፣ ሁለቱም ከተመረመሩ ዝምድናቸው አያጠራጥርም፤ ወደ ሩቅ ዘመድ ሲወጣ ግን ድርሻው እየሳሳ ሄዶ አንዳንዴ ከነጭራሹ ይጠፋል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ክሮሞሶም የአባት ስምን መንገድ የሚከተል ሲሆን፣ ከእናት ወደ ልጆች ሁሉ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ደግሞ ስማችን የጣለውን የእናት የእናት እናት መስመር ይዞ ይኖራል። ሆኖም ውጤቱ ሰውየውን ከአምባሰል ወይም ከወሎው ቦረና ሊያደርሰው አይችልም፤ ዘመድ አግኝቶ የሚያሳየው ሌላው ዘመድ በዚያው ድርጅት ከተመረመረ ብቻ ነው፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልተመረመረም። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው በሕፃንነታቸው ለውጭ አገር ቤተሰብ በጉዲፈቻ የተሰጡትን ነው። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት የሄዱት አሁን አዋቂዎች ሆነው ወላጅ ይፈልጋሉ፤ ሰነዳቸው ላይ ያለው ስምም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም።

ይህ ሁሉ የታሪክ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው በፍርድ ቤት ያልቆመ ሰው ነው። በኮምቦልቻ አንድ ቤት ትተው የሞቱ አባት አሉ እንበል። የይዞታ ካርታው «ሙሄ ዓሊ» ይላል፤ የትልቁ ልጅ የትምህርት ማስረጃ «መሐመድ አሊ»፤ የቅሬው ደብተር «ሼህ ሙሄ»፤ ጅዳ ያለችው ልጅ ፓስፖርት ደግሞ ሌላ ስም ይዟል። ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከመጠየቃቸው በፊት፣ እነዚህ ስሞች ሁሉ የአንድ ሰው መጠሪያ ስለ መሆናቸው ምስክር ማቅረብ አለባቸው። ምስክሮቹ የሚቆጠሩት ከሰፈሩ አረጋውያን ነው፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚመሰክር የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጅ የሌለውን ሟች ውርስ ወደ ወላጆች፣ ወደ አያቶችና እስከ ቅድመ አያቶች ዘሮች ድረስ ስለሚወስድ፣ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው የቅድመ አያት የልጅ ልጅ ወራሽ ነኝ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ውርሱ ለእርሱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለመወሰን፣ ዳኛው በ1967 ዓ.ም. ከሥራ ውጭ የሆነውን ያንኑ የትውልድ ቆጠራ እንደገና መስማት ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ስም ወደ ዲጂታል መዝገብ እየገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ያስተዋወቀው ፋይዳ ስምን ከነአባትና አያት ይመዘግባል፤ ብሔርንና ሃይማኖትን አለመመዝገቡ ለወሎ ሰው የሚበጅ ውሳኔ ነው እላለሁ። ባንኮችም ለአዲስ ሒሳብ መክፈቻ እየጠየቁት ነው። ስለዚህ «መሐመድ» ወይም «ሙሀመድ»፣ «ዓሊ» ወይም «አሊ» ተብሎ አሁን የሚጻፈው አጻጻፍ በአንድ ሰው ላይ የሚጸና ነው። ከዚያም በላይ በላቲን ፊደል ሰይድ የሚለው ስም በወንድሙ ላይ አንድ ዓይነት፣ በእህቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይጻፋል፤ ሁሉም ወደ ውጭ ከሄዱ ያ ልዩነት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ከዚህም የባሰው፣ አንዱ ወንድም በአባቱ ስም፣ ሌላው በአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ሲመዘገብ ነው፤ የሁለቱ ልጆች ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት አይኖርም። መልሱ ለአገሩ ሁሉ የቤተሰብ ስም ማወጅ ነው ብዬ አላምንም፤ ያ ሕግ ስድሳ ዓመት ቆይቶ ያልሠራ ነው። ወደ ውጭ የሚሄዱ የአንድ ቤት ልጆች የትኛውን ስም መጨረሻ ላይ እንደሚያስቀምጡና በላቲን እንዴት እንደሚጽፉት ፓስፖርት ከማውጣታቸው በፊት መስማማታቸው ግን አስፈላጊ ነው።

ምዝገባው የሚጥለውን ደግሞ ቤተሰብ ራሱ ቢይዝ ይሻላል። ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ የሚሰጠው የልደት ምስክር ወረቀት የእናቱን ሙሉ ስም ይዟል፤ በእርሱም የእናቱ አባትና የአባቷ አባት ይገኛሉ። የእናቱ እናት ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የለችም። በቀድሞው ልማድ ሙሽራይቱን አማቷ አዲስ ስም ስለምታወጣላት፣ አያቲቱ በተወለደችበት ቀበሌ የምትጠራበትና ባገባችበት የምትጠራበት ስም ሁለት ሊሆን ይችላል። በደብተር ላይ የሚያስፈልገው ሁለቱም ስሟ፣ የተወለደችበት ጎጥ፣ ያደገችበት ሃይማኖትና ያገባችበት ዓመት ነው፤ ዓመቱ ባይታወቅ እንኳ «ከ66ቱ ረሃብ በፊት» ተብሎ ቢጻፍ ለኋለኛው ፈላጊ በቂ መያዣ ይሆነዋል።